የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በኢትዮጵያ፣ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ ዞን በላሊበላ ከተማ የሚገኙ፣ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ሥራቸው በዛጔ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ ስም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። መዝገቡ ሲከፈት በመጀመሪያ ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ናቸው።

ላሊበላ እንደ ብዙዎቹ የዓለም ጥንታዊ ሐውልቶች ሰው ትቶት የሄደ ፍርስራሽ አይደለም። በ11ዱም ውስጥ ታቦት አለ፣ ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ማኅሌት ይቆማል። በየዓመቱ በገና ከኢትዮጵያ ማዕዘናት ሁሉ፣ በአጎራባቹ ቆላ ካሉት ከቆቦና ከራያ መንደሮች ጭምር፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይሳለማቸዋል። ስለዚህ ቦታው ቅርስም ቤተ አምልኮም ነው። ስለ ጥበቃው የሚነሣው ክርክር ሁሉ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ስያሜ

ከተማዋ በጥንት ጊዜ ሮሃ ትባል ነበር። ላሊበላ የሚለው ስም የንጉሡ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ ሲወለድ የንብ መንጋ ከበበው፤ እናቱም ንቦቹ ንጉሥነቱን አወቁ ስትል ይህንን ስም አወጣችለት። ስሙ ከአገው ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ንብ ንግሥናውን አወቀ» ተብሎ ይተረጎማል። የንግሥና ስሙ ገብረ መስቀል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ነገሥታት አንዱ ሆኖ ይከበራል፤ የዕረፍቱ መታሰቢያ ሰኔ 12 ቀን ነው።

አቀማመጥ

ላሊበላ በላስታ ተራሮች ውስጥ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከላስታ ደጋ በስተ ምሥራቅ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ ወደ ራያ ቆላ ይደርሳል። የራያ ቆቦ ወረዳ ዋና ከተማ ቆቦ የምትገኘው በዚሁ ሜዳ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ነው።

በካርታ ላይ ቆቦና ላሊበላ በቀጥታ መስመር ከ70 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ነው ያላቸው። በመካከላቸው ያለው ተራራ ግን መንገዱን ያስረዝመዋል። በመኪና የሚሄድ ሰው በተለመደው መንገድ ከቆቦ ወደ ደቡብ ወርዶ ወልዲያ ይደርሳል፤ ከወልዲያ በድልብ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ጋሸና ይጓዛል፤ ከጋሸና ደግሞ ወደ ሰሜን ታጥፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በእግር የሚሄድ ተሳላሚ ተራራውን ያቋርጣል።

አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት አለት ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውስጡ ብዙ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ ከሌላው ጥቁር ድንጋይ ይልቅ ለመሮና ለመጥረቢያ የተመቸ ነው። ይኸው ባሕርይ ዝናብንም በቀላሉ እንዲያስገባ ያደርገዋል።

ታሪክ

የዛጔ ነገሥታት ከአክሱም መንግሥት መዳከም በኋላ የተነሡና መቀመጫቸውን በላስታ ያደረጉ ናቸው። ሥርወ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ አበቃ። ከነገሥታቱ መካከል ይምርሃነ ክርስቶስ፣ ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ በቅድስና ይታወሳሉ። ስለ ላሊበላ ዘመን እርግጠኛ ማስረጃ ከሚሰጡት ጽሑፎች መካከል በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የርስት ስጦታ መዛግብት ይገኙበታል። እነዚህም ንጉሡ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዙፋኑ ላይ እንደነበረ ያሳያሉ።

ስለ ሥራው በሰፊው የሚተርከው ገድለ ላሊበላ ነው። ገድሉ የተጻፈው ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ ነው። እንደ ገድሉ ትረካ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሆኖ ቆየ። በዚያ ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ከአንድ አለት የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናትን አሳዩት፤ በምድርም እንዲሠራቸው ታዘዘ። ሲነግሥ ሠራተኞችን ሰበሰበ። ሰዎቹ ቀን የጀመሩትን መላእክት ሌሊት እየቀጠሉ ሥራው ተፈጸመ።

ላሊበላ «ሁለተኛዪቱ ኢየሩሳሌም» እየተባለች ትጠራለች። በከተማዋ ያሉት ስሞች ይህንን ይመሰክራሉ። በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ጎልጎታ፣ ደብረ ሲና፣ ቤተ ልሔም፣ የአዳም መቃብር የሚባሉ ቦታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌም በሳላሕ አድ-ዲን እጅ መግባቷን አንዳንድ ጸሐፊዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ስሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የወጡ ላይሆኑ እንደሚችሉ ያስረዳሉ። ያም ሆነ ይህ ስሞቹ ለምእመኑ ትልቅ ትርጉም አላቸው፤ ኢየሩሳሌም መሄድ ያልቻለ ሰው በላስታ ያገኛታል።

አብያተ ክርስቲያናቱ በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ ስለመሠራታቸውም የተለያየ አስተያየት አለ። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን አንዳንዶቹ ከላሊበላ በፊት በተለያዩ ጊዜያት እንደተፈለፈሉ ጽፈዋል። ቤተ መርቆርዮስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ወይም ምሽግ ሆነው በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለውጠዋል የሚል ግምት በብዙ አጥኚዎች ዘንድ ይገኛል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ደግሞ ከቁፋሮው የወጣውን የድንጋይና የአፈር ክምር በመመርመር ሥራው በበርካታ ደረጃዎች እንደተካሄደ አሳይተዋል።

ቦታውን ካዩ የውጭ አገር ሰዎች መካከል የመጀመሪያውን ዝርዝር መግለጫ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1520 ነበር። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ አንባቢ እንዳያምነው ሰግቶ ያየው ሁሉ እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። በዚያው ክፍለ ዘመን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ወደ ቦታው መምጣታቸውን «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የተባለው የዐረብኛ ታሪክ ይጠቅሳል።

አሠራር

ተራ ሕንፃ ከመሠረት ተጀምሮ ወደ ላይ ይነሣል። የላሊበላ ሥራ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ በአለቱ ላይ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፍረው መካከሉን ነጥለው ያስቀሩታል። ከዚያ ጣሪያውን ይቀርጻሉ፤ ግድግዳውን እየጠረቡ፣ መስኮቱንና በሩን እያበጁ ይወርዳሉ። በመጨረሻም ወደ ውስጥ ገብተው ምሰሶውን፣ ቅስቱንና መቅደሱን እያስቀሩ የቀረውን ድንጋይ ያወጣሉ።

በዚህ አሠራር ስህተት አይታረምም። ግንበኛ ያበላሸውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ ከአለት የሚፈለፍል ሰው ግን የቆረጠውን መልሶ አይቀጥለውም። ምሰሶው የት እንደሚቆም፣ መስኮቱ ከየትኛው ቅስት ትይዩ እንደሚሆን፣ ወለሉ በስንት ክንድ ጥልቀት እንደሚገኝ ከመጀመሪያው ምት በፊት መታወቅ ነበረበት።

ለውኃ የተደረገው ጥንቃቄም የሚደነቅ ነው። በጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ በክረምት ኩሬ ውስጥ መቆሙ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ጣሪያዎች ዘንበል ያሉ ናቸው፤ የግቢዎቹ ወለሎችም ተዳፋት አላቸው፤ ዙሪያውን ያሉት ቦዮች ጎርፉን ወደ ዮርዳኖስ ያወርዱታል። እነዚሁ ቦዮችና ዋሻዎች ለሰውም መተላለፊያ ሆነው ያገለግላሉ።

ቅርጹ ከአክሱም ሥልጣኔ የተወረሰ ብዙ ነገር አለው። የአክሱም ሰዎች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይገነቡ ነበር፤ የእንጨቱም ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ይታይ ነበር። በላሊበላ እንጨት ሳይኖር ይኸው መልክ በአለቱ ላይ ተቀርጿል። በተለይ ቤተ አማኑኤል ገባ ወጣ ባለው የግድግዳ መስመሩ የአክሱምን ግንብ ይመስላል።

አብያተ ክርስቲያናቱ

11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ምድብና በአንድ ለብቻው በቆመ ቤተ ክርስቲያን ይከፈላሉ።

ከዮርዳኖስ በስተ ሰሜን ያለው ምድብ አምስት ሲሆን እነሱም ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና ጥምር የሆኑት ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤል ናቸው።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ከሁሉም ትልቁ ነው። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ስፋቱ 23 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ገደማ ሲሆን ዙሪያውን በረድፍ በቆሙ ምሰሶዎች ተከቧል። ውስጡ በምሰሶዎች ረድፍ አምስት ቦታ ይከፈላል። አፍሮ አይገባ የሚባለው ታዋቂ መስቀል የሚገኘው እዚህ ነው። ይህ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፤ በኋላም በአንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ቤተ ማርያም ከመድኃኔ ዓለም ያነሰ ቢሆንም በተሳላሚ ዘንድ እጅግ ይወደዳል። ጣሪያውና ቅስቶቹ በቀለም ሥዕልና በሐረግ ያጌጡ ናቸው። በመካከሉ ያለው ምሰሶ ሁልጊዜ በጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል፤ በላዩ የዓለም መጀመሪያና መጨረሻ ምሥጢር ተጽፏል ይባላል። በግቢው ውስጥ ያለው ጥልቅ ኩሬ ልጅ የሚሹ ሴቶች በገና ሰሞን የሚጠመቁበት ነው። ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል ከዚሁ ግቢ ግድግዳ ውስጥ የተፈለፈሉ ትናንሽ ቤቶች ናቸው።

በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የሰው ቁመት ያላቸው የቅዱሳን ምስሎች ተቀርጸዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ የድንጋይ ምስል እምብዛም አይገኝም። የንጉሥ ላሊበላ መቃብርም እዚሁ እንደሆነ ይታመናል።

ከዮርዳኖስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ምድብ ቤተ አማኑኤልን፣ ቤተ መርቆርዮስን፣ ቤተ አባ ሊባኖስን፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልንና ቤተ ልሔምን ይይዛል። ወደ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባው ጥልቅ ጉድጓድ በሚያቋርጥ ድልድይ ነው። በዚህ ምድብ ውስጥ ብርሃን የማይገባበት ዋሻ አለ። ተሳላሚው ግድግዳውን እየዳሰሰ ያልፈዋል፤ ይህም የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ቤተ አባ ሊባኖስ በጎንና በጎኑ ከአለቱ ተለይቶ ጣሪያው ብቻ ከተራራው ጋር ተያይዞ የቀረ ነው። የላሊበላ ሚስት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው በትውፊት ይነገራል።

11ኛው ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ለብቻው ቆሟል። በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ሲሆን ከፍታው 12 ሜትር ያህል ነው። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ሦስት መስቀሎች ተቀርጸዋል። ተጓዥ አፋፉ ላይ እስኪደርስ ድረስ አያየውም፤ ሲደርስ ግን ጣሪያው ከእግሩ ሥር ይገለጥለታል። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ ሥራውን ሲጨርስ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ መጥቶ ለእኔ ቤት አልሠራህልኝም ብሎ ወቀሰው፤ ንጉሡም ከሁሉ ያማረውን ሠራለት። በመግቢያው ላይ የፈረሱ ኮቴ ዱካ ነው የሚባል ምልክት ይታያል።

ከከተማዋ ውጭም በርካታ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከእነዚህ መካከል በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተገነባው ይምርሃነ ክርስቶስ፣ አሸተን ማርያም፣ ነአኩቶ ለአብ፣ ገነተ ማርያምና የብልብላ አብያተ ክርስቲያናት ይጠቀሳሉ።

የአምልኮ ሕይወት

እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጣቸው በሦስት ይከፈላል። መዘምራን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት፣ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ ታቦቱ የሚኖርበትና ካህናት ብቻ የሚገቡበት መቅደስ ናቸው። የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ብዙ ዘመን ባዶ እግር የተመላለሰበት የድንጋይ ወለል በብዙ ቦታ ተልጎ ለስልሷል፤ በሌላው ቦታ ምንጣፍ ተነጥፎበታል።

የዕለቱ ሥርዓት የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎችና እናቶች በጨለማው ቦይ ውስጥ ያልፋሉ፤ ቅጥሩን ይሳለማሉ፤ በግድግዳው ሥር ቆመው ወይም ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ከውስጥ የካህናቱ ድምፅ ይሰማል። በበዓል ቀን መሪጌቶችና ደባትር መቋሚያ ይዘው፣ ጸናጽል እያንሿሹ፣ ከበሮ እየተመታ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያሰማሉ። ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ በእልልታ አጅቦ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል። ሰፊው የግቢ ቦይ ከአለቱ በተቆረጠ ጊዜ ለዚህ ዑደት የሚሆን ቦታም አብሮ ተሠርቷል።

ገና በላሊበላ

በላሊበላ ትልቁ በዓል ገና ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በአካባቢው ትውፊት ቀኑ የንጉሥ ላሊበላ ልደት ጭምር ስለሆነ በዓሉ እጥፍ ነው።

ተሳላሚዎች ከቀናት በፊት ጀምረው ይደርሳሉ። በአውቶቡስ የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፤ ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከጎንደርና ከራያ በእግራቸው ተራራ አቋርጠው የሚመጡም አሉ። ለራያ ቆላ ገበሬ ወሩ የማሽላና የጤፍ አዝመራ የሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ሥራውን ያደረሰ ስንቁን በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ፣ ጋቢውን ደርቦ ከሞቃቱ ሜዳ ወደ ላስታ ብርድ ይወጣል። ጉዞው ራሱ እንደ ጸሎት ይቆጠራል፤ ስእለት ያለበት ሰው ድካሙን ከመባው ጋር ያቀርበዋል።

የላሊበላ ነዋሪዎች እንግዳ የመቀበል ልማድ አላቸው። የመጣውን ሰው እግር ያጥባሉ፤ ያላቸውን ምግብ ያቀርባሉ፤ ማደሪያ ይሰጣሉ። ቤት የማይበቃው ሕዝብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በሜዳውና በድንኳን ያድራል።

የበዓሉ ጫፍ ቤዛ ኩሉ የተባለው ሥርዓት ነው። ስሙ በግእዝ «የሁሉ ቤዛ» ማለት ነው። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የአለት ቅጥር ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከታች በግቢው ውስጥ ይሰለፋሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዜማው ከላይና ከታች እየተመላለሰ ይዘመራል። ለዚህ ሥርዓት የቆመ መድረክ የለም፤ መድረኩ የተቆፈረው አለት ራሱ ነው።

ባህልና ኑሮ

በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያደገው ከተማ የራሱ የቤት አሠራር አለው። ከቀይ ድንጋይ የተገነቡ፣ ክብ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ የሣር ክዳን ያላቸው የላስታ ቤቶች በዓለም ቅርስነቱ መግለጫ ላይም ተጠቅሰዋል። በቦታው ብራና የሚፍቁ፣ የግእዝ መጻሕፍት የሚጽፉ፣ መስቀል የሚቀርጹ ባለሙያዎች ይገኛሉ። በአብነት ትምህርት ቤቶች የቆሎ ተማሪዎች ዜማ፣ ቅኔና አቋቋም ይማራሉ። የቦታው ሥርዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በእነዚህ ተማሪዎች ነው።

ከዘመናዊው ዘመን ወዲህ ቱሪዝም ሌላ መተዳደሪያ ሆኗል። አስጎብኚዎች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ የእጅ ሥራ ሻጮችና በቅሎ አከራዮች ኑሯቸው በጎብኚ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ፣ ከዚያም ጦርነቱ ሲከተል ይህ ገቢ ተቋርጧል። ሰሜን ወሎ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የጦርነት ቀጠና ሲሆን ቆቦም ላሊበላም ከተዋጊዎች አንዱ ወገን ወደ ሌላው እጅ እየተቀያየሩ ከባድ ጊዜ አሳልፈዋል። ላሊበላ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በመንግሥት ወገን እጅ ከተመለሰች ከሳምንታት በኋላ የገና በዓል በቦታው ተከብሯል።

ከሕንድ የአለት ቤተ መቅደስ ጋር ያለው ንጽጽር

ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ የአምልኮ ቦታ በሌላው ዓለምም አለ። ስመ ጥር የሆነው በሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ በኤሎራ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ነው። ኤሎራ 34 የአለት ሥራዎች አሉት፤ 12ቱ የቡድሃ፣ 17ቱ የሂንዱ፣ 5ቱ የጃይን እምነት ናቸው። 16ኛው ካይላሳ ሲሆን በ8ኛው ክፍለ ዘመን በራሽትራኩታ ንጉሥ በቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን እንደተሠራ ይታመናል። ይህም ከላሊበላ በ400 ዓመት ያህል ይቀድማል።

ካይላሳ ለሺቫ የተሰጠ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው። በውስጡ ጋርባግሪሃ የሚባል ጠባብና ጨለማ የሆነ ቅዱስ ክፍል አለ፤ ከፊቱ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ማንዳፓ የተባለ አዳራሽ ይገኛል። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ቅዱሱን ክፍል በስተ ቀኙ እያደረገ ይዞራል። በግድግዳው ላይ የራማያናና የማሃባራታ ታሪኮች ተቀርጸዋል። በዚህ በኩል ከላሊበላ ይለያል፤ በላሊበላ የተቀረጸ ምስል ጥቂት ሲሆን ታሪኩ በብዛት የሚነገረው በሥዕል፣ በመጽሐፍና በዜማ ነው።

ሁለቱን ይበልጥ የሚያቀራርባቸው ስማቸው ነው። ካይላሳ የሺቫ ማደሪያ ተብሎ የሚታመን ተራራ ስም ነው። የኤሎራ ሠሪዎች ሩቅ ያለውን ቅዱስ ተራራ በደቡቡ አለት ላይ ቀረጹት። በላሊበላም ሩቅ ያለችው ኢየሩሳሌም በላስታ አለት ላይ ተሠራች። በሁለቱም ቦታ ሩቁ ቅዱስ ስፍራ በተጓዡ አቅራቢያ እንዲገኝ ሆኗል።

ዛሬ ያላቸው ሁኔታ ግን ይለያያል። የኤሎራ ዋሻዎች በዋናነት በመንግሥት የሚጠበቁ ቅርሶች ናቸው፤ የአካባቢው ሂንዱዎች የዘወትር አምልኳቸውን የሚያካሂዱት በአቅራቢያው ባለው በግሪሽኔሽዋር ቤተ መቅደስ ነው። በላሊበላ ቅርሱና የዘወትሩ ቤተ አምልኮ አንድ ናቸው። ቅርሱን ለማዳን ቢዘጋ አምልኮው ይቋረጣል።

አደጋና ጥበቃ

የአብያተ ክርስቲያናቱ ዋና ጠላት ውኃ ነው። የክረምት ዝናብ ወደ አለቱ ይሰርጋል፤ በጋ ሲመጣ ይደርቃል። እንዲህ እየተፈራረቀ ድንጋዩ ይላላል፤ ይሰነጠቃል፤ ቅርጻ ቅርጹም ይረግፋል። ቤተ መርቆርዮስ በከፊሉ ተደርምሶ ኋላ በግንብ ተደግፏል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለጥገና ተብሎ አንዳንዶቹ ላይ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር። ይህ ድንጋዩን ስለጎዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጣሊያናዊው ባለሙያ ሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት በተካሄደው ጥገና እንዲነሣ ተደርጓል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ ሰፋፊ መጠለያዎች ተሠሩ። መጠለያዎቹ ዝናቡን አስቀርተዋል። ነገር ግን ጊዜያዊ ተብለው የተሠሩ ሆነው ሳለ ከታሰበው በላይ ቆዩ። የከተማው ሕዝብና ካህናቱ ከባዱ ብረት በነፋስ ቢወድቅ አብያተ ክርስቲያናቱን ይጨፈልቃል፣ ምሰሶዎቹም በአለቱ ላይ ጫና ያሳድራሉ የሚል ስጋት አላቸው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ነዋሪዎች መፍትሔ እንዲሰጥ በሰላማዊ ሰልፍ ጠይቀዋል። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው አገራቸው በጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገብተዋል፤ ከዚያ ወዲህም የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች አብረው ሲሠሩ ቆይተዋል።

ሌላው መንገድ ያለ መጠለያ መጠገን ነው። ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቀጥሎም በቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤል ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አካሂዷል። ስንጥቁ ከድንጋዩ ጋር በሚስማማ ማጣበቂያ ይደፈናል፤ የጣሪያው የውኃ መውረጃ ይስተካከላል፤ የአካባቢው ወጣቶችም ሙያውን ይማራሉ። ጥገናው ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ በየክረምቱ መጨረሻ ክትትል ይፈልጋል።

ጥበቃውን ከባድ የሚያደርገው የሕንፃው እርጅና ብቻ አይደለም። መሐንዲሱ ጣሪያው ደርቆ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ ካህኑ ታቦቱ እንዲነግሥ ይፈልጋል፤ ተሳላሚው ግድግዳውን መሳም፣ ወለሉ ላይ መስገድ ይሻል፤ ነዋሪው ደግሞ የሚተዳደርበትን ጎብኚ ይጠብቃል። ብዙ ሰው ሲገባ ወለሉ ይበላል፤ ሰው ሲከለከል ቤተ ክርስቲያኑ ሙዚየም ይሆናል። የአካባቢው ካህናት አለቱን እስከ ዛሬ ያቆየው በየዘመኑ ቦዩን የጠረገው፣ ስንጥቁን የደፈነው አገልጋይ ነው ይላሉ። የጥገና ባለሙያዎችም የካህናቱንና የነዋሪውን ተሳትፎ የሥራቸው መነሻ ማድረግ ጀምረዋል።